«ልጅ አላችሁ?» ተብሎ በር ለሚዘጋብን ወላጆች መልስ ስጡን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት
ቤት ለምታከራዩ ወገኖቼም በሙሉ

ጉዳዩ፦ ልጅ ስላላቸው ብቻ ቤት የሚከለከሉ ተከራዮችን ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴም እኔም እንሠራለን፤ ኪራያችንን በሰዓቱ እንከፍላለን። ስለ ኪራይ ዋጋ ብዙ ተብሏል፣ ሕግም ወጥቶለታል፤ ዛሬ እሱን አላነሳም። የማነሳው ከዋጋው በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የፈለገ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ደላላው ስልኩን ያነሳና «ስንት ናችሁ?» ይላል። «አራት» ስትሉት «ሁለቱ ልጆች ናቸው?» ይላል። አዎ ካላችሁ ድምፁ ይቀየራል። «እስቲ ጠይቄ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። አይደውልም።

ማስታወቂያዎቹም አይደብቁትም። ቴሌግራም ላይ፣ ስልክ እንጨት ላይ፣ የሱቅ በር ላይ ተለጥፏል። «ለላጤ ወይም ለባልና ሚስት ብቻ።» «ልጅ የሌላቸው ቢሆኑ ይመረጣል።» ይህን የሚጽፍ ሰው ጥፋት የሠራ አይመስለውም። በግልጽ የሚከለክለው ስለሌለ ነው። እኔም የምጽፍላችሁ ለዚሁ ነው።

ጎሮ አካባቢ አንድ ቤት አይተን ነበር። ሁለት ክፍል ነው፣ የራሱ ቆጣሪ አለው፣ ሽንት ቤቱ ከአንድ ሌላ ተከራይ ጋር የጋራ ነው። ከትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት በእግር ይደረሳል። ዋጋው ከበድ ቢለንም ተስማማን። አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው። ቡና አፍልተው ነበርና «አረፍ በሉ» አሉን። ሥራችንን ጠየቁን፣ የት እንደተወለድን ጠየቁን፣ ወደዱን። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ «ለመሆኑ ልጅ ይዛችኋል?» አሉ። ሁለት እንዳሉን ነገርኳቸው። ጀበናውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አይ ልጄ፣ ልጅ ጠልቼ እንዳይመስልሽ። እኔም ወልጄ አሳድጌያለሁ። ግቢው ግን አይችልም» አሉን። አመስግነን ወጣን። ምን እንላለን?

ደላላው ውጭ ቆሞ ሲጠብቀን ነበር። የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ምን አስቸኮለሽ? መጀመሪያ ከባለቤትሽ ጋር ትገቢያለሽ። ልጆቹን ቀስ እያልሽ ታመጫቸዋለሽ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

እውነቱን ነው። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚኖረው። ልጁን ለጊዜው አገር ቤት ለአያት ይልካል። «ቤት እስክናገኝ» የተባለው ጊዜ ዓመት ይሞላዋል፤ ልጁ እናቱን በስልክ ነው የሚያውቃት። ሌላው ልጁን «የእህቴ ልጅ ነው፣ ለእረፍት መጥቶ ነው» እያለ ያስገባል፤ እረፍቱ ሲያልቅ ሌላ ሰበብ ይፈልጋል። በፊት የነበርንበት ግቢ ውስጥ አንዲት ጎረቤታችን እርግዝናዋን ስድስት ወር እስኪሞላት በጋቢ ሸፍና ኖራለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሰው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊላት የሚገባበትን ቀን እየፈራች ነው የጠበቀችው። አከራዩ ሲያውቁ አልተቆጡም። «ውለጂ፣ ከዚያ ግን ቤት ፈልጊ» ነው ያሏት። አራስ ሆና ዕቃ ስትጭን አይቻለሁ። ጨቅላውን አቅፋ የጭነት አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ሄደች።

እኛ አሁን የምንኖርበትን ቤት ያገኘነው በዘመድ ልመና ነው። ልጆች እንዳሉን ታውቆ ነው የገባነው፤ «ድምፅ እንዳይሰማ» የሚል ቃል ግን አስገብተውናል። ግድግዳችን ከአከራዮቹ መኝታ ቤት ጋር አንድ ነው። ትንሹ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። የላስቲክ መኪና አለችው። ጎማዋ ሲሚንቶ ላይ ስትሄድ ትጮኻለች ብዬ ብርድ ልብስ አንጥፌ እላዩ ላይ እንዲነዳት አስለመድኩት። አሁን እኔ ሳልነግረው ራሱ ያነጥፋል። የሚያስቅ ነገር ሲያይ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞር ይልና «እማዬ፣ እትዬ ተኝተዋል?» ይለኛል። አልተኙም ካልኩት ይስቃል። አንጀቴን የሚበላኝ ይኼ ነው። ልጄን ጨዋ እያደረግሁት ይሁን እያፈንኩት፣ አላውቅም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ከተደሰቱት ሰዎች አንዷ ነኝ። ውል በጽሑፍ ይሁን አለ። ቢያንስ ለ2 ዓመት ይጽና አለ። በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ አለ። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም አለ፤ ከዚያ በፊት የስድስት ወር አምጡ ሲባል ወርቋን የሸጠች ስንት ሴት አለች። አከራይ በፈለገው ወር ተነስቶ ዋጋ እንዳይጨምር አገደ። ይህን የማያመሰግን ተከራይ ያለ አይመስለኝም።

አዋጁ የሚጠብቀኝ ግን ቤቱ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ከበሩ ውጭ ቆሜ ሳለሁ አያውቀኝም። አንብቤዋለሁ፤ አከራይ ሰውን በልጆቹ ምክንያት መከልከል አይችልም የሚል አንቀጽ አላገኘሁበትም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ድሮ አከራይ ተከራይ ካልተመቸው በወሩ ያስወጣው ነበር። አሁን ለ2 ዓመት አብሮት ሊኖር ነው። ስለዚህ መግቢያው ላይ የበለጠ ይመርጣል። ዋጋ እንደልቡ መጨመር ካልቻለ ውሃ የማይጨርስ፣ ግድግዳ የማያቆሽሽ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሰው ይፈልጋል። ላጤ ይፈልጋል። ደላሎቹም ይህንኑ ይነግሩናል። በዚህ አዋጁን እየወቀስኩ አይደለም። አንዱን በር ሲዘጋ ሌላው መከፈቱን ያላየ ይመስለኛል፤ ያን ሁለተኛውን በር ነው ዝጉልን የምለው።

ስለ እርግዝናም እንዲሁ። አዋጁ ውል ያለጊዜው የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ቆጥሯል። ልጅ መውለድ ከእነሱ አንዱ አይደለም። ስለዚህ ያቺ ጎረቤቴ የተባረረችው ያለ ሕግ ነው። ግን ማን ነገራት? ቢነግሯትስ? የምትከሳቸው ሰዎች የውሃውን ቧንቧ የሚዘጉና የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው። በር የሚከፍቱላት እነሱ ናቸው። አራስ ሴት ወረዳ ሄዳ ክስ መሥርታ ወደዚያው ግቢ አትመለስም። ዕቃዋን ጭና ትሄዳለች። አንዳንዱ አከራይ ደግሞ ገና ሲያከራይ «ከወለዳችሁ ትወጣላችሁ» ብሎ ያስምላል፤ ያኛው ወገንም ቤት ያስፈልገዋልና እሺ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ እፈልጋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን በእርግዝና ወይም በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ማሰናበት አይችልም ይላል። ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቷል። እንግዲህ አስቡት። መሥሪያ ቤቴ ስለወለድኩ ሊያባርረኝ አይችልም። አራስ ቤት የምተኛበትን ቤት ግን ስለወለድኩ እከለከላለሁ። በዚያ አዋጅ የተጻፉት ሁለት ነገሮች፣ እርግዝናና የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ወደ ኪራይ አዋጁ ቢገቡ የሚጎዳ ማን ነው? አዲስ ሐሳብ መፍጠር አያስፈልግም። በአገራችን ሕግ ውስጥ ያለ ሐሳብ ነው።

ሕገ መንግሥቱም ከእኛ ጋር ነው። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። አንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት ነው፣ ኅብረተሰቡና መንግሥት ሊጠብቁት ይገባል ይላል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕግ አውጪውም አስተዳደሩም ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናቱን ደህንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችም እኩል መብት እንዳላቸው እዚያው አንቀጽ ላይ ተጽፏል። ይህን በተለይ የማነሳው ልጆቻቸውን ለብቻቸው ስለሚያሳድጉ እናቶች ነው። እነሱ ሁለት ጊዜ ነው የሚከለከሉት። «ልጅ አለሽ?» የሚለው ካለፈ «ባልሽስ?» ይመጣል። ባል የለኝም ያለች ሴት ገንዘቧን ቆጥራ በእጇ ይዛ እንኳ የምትሰማው መልስ የሚያሳፍር ነው።

የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር በ1990 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። የአህጉሩ ሕፃናት ቻርተር የጸደቀባት ከተማ ውስጥ «ልጅ የሌላቸው ብቻ» የሚል ወረቀት በአደባባይ ሊለጠፍ አይገባም።

የሌላ አገር ልምድ ይጠቅም ከሆነ የአሜሪካንን ላንሳ፤ ብዙዎቻችን እዚያ ወንድም ወይም እህት አለን። እዚያም በአንድ ወቅት «ልጅ ያለው አይምጣ» የሚል አፓርታማ ሞልቶ ነበር። በቤት ላይ የሚደረግን አድልዎ የሚከለክለው ሕጋቸው በ1968 ሲወጣ ስለ ልጆች ምንም አላለም። በ1988 ተሻሻለና ከ18 ዓመት በታች ልጅ ያለውንም ሆነ ነፍሰ ጡርን በዚያ ምክንያት ብቻ ቤት መከልከል ወንጀል ባይባልም በገንዘብ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆነ። ሁሉንም ግን በአንድ ዓይን አላዩትም። ለአዛውንቶች ተብለው የተለዩ መኖሪያዎችን ትተዋል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትንና ከአራት ቤት ያልበለጠውን ሕንጻም በአብዛኛው ትተዋል። እሱም ቢሆን ማስታወቂያው ላይ «ልጅ ያለው አይፈለግም» ብሎ መጻፍ አይፈቀድለትም። ይህን ያመጣሁት ለእኛም ልክ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ አከራይና ተከራይ አንድ ግቢ የሚኖሩበት አገር ነውና።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጣችሁ አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ለምታከራዩ እህት ወንድሞቼም አንድ ቃል አለኝ። ቤታችሁን የሚያከራይላችሁ ዘመድ ወይም ደላላ «ልጅ ያላቸውን አልፈልግም ብለዋል» እያለ በስማችሁ ይመልሰናል። ብላችሁ ይሁን ሳትሉ አላውቅም። እዚያ እናንተን በልጆቻችሁ ምክንያት ቤት የከለከለ ሰው ቢኖር አቤት የምትሉበት ቦታ አላችሁ። እባካችሁ ለወኪላችሁ አንድ ጊዜ ደውሉና «ልጅ ያለውን አትመልስ» በሉልን።

አሁን ለአከራዮች። እናንተን እንደ ጠላት አላይም። ብዙዎቻችሁ ጡረተኞች ናችሁ፣ ባሏ የሞተባት እናት አለችበት፣ ከሰርቪስ ቤት ኪራይ ውጭ ገቢ የሌለው አለ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ካለቀ በቦቴ መግዛት ነው። ሽንት ቤቱ ቶሎ ይሞላል፣ ማስመጠጥ ገንዘብ ነው። ልጅ ግድግዳ ላይ ይጽፋል፣ አውቃለሁ፣ የእኔም ጽፏል። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ግን መፍትሔያቸው ልጅን መከልከል አይደለም። ውሃ በሰው ቁጥር ይካፈል፤ እኛም በአራት ሰው እንክፈል። የተበላሸ ግድግዳ ሲወጡ ቀለም ቀብቶ ማስረከብ ውሉ ላይ ይጻፍ። ክፍሉ ጠባብ ከሆነና አምስት ሰው የማይችል ከሆነ «ከሦስት ሰው አይበልጥም» ማለት ይቻላል፤ ግን ለሦስት ጎልማሶች የተፈቀደ ቤት ለእናትና ለሁለት ልጆቿ እንዴት ይጠባል? ጫጫታን በተመለከተ ደግሞ ሌሊት ሰክሮ በር የሚደበድብ ላጤ የገጠመው አከራይ ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ላይ የሚተኛ ልጅ ያን አያደርግም።

ወደ ቢሮው ልመለስ፤ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

አዋጁ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። አከራይ ወይም ደላላ ተከራይን ልጅ ስላለው፣ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ወይም ልጆቿን ለብቻዋ ስለምታሳድግ ብቻ መከልከል እንዳይችል ይጻፍ። ይህ የምክር ቤቱ ሥራ ነው፤ ጊዜ እንደሚወስድም አውቃለሁ። ቢሮው ግን እስከዚያ ዝም ማለት የለበትም። በየወረዳው ውል የሚመዘግቡት የእናንተው ሰዎች ናቸው። «ከወለዱ ይወጣሉ» ወይም «ልጅ ማምጣት ክልክል ነው» የሚል ቃል ያለበት ውል ሲመጣላችሁ አትመዝግቡት። ያ ቃል እንደማይጸና ለሁለቱም ወገን እዚያው ንገሯቸው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ግን የአንድ ዓመት እንቅልፍ ነው።

ማስታወቂያውን አስቁሙልን። ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፤ ምስክር አያስፈልገውም፣ የተጻፈ ነገር ነው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደጋገም ቅጣት ቢሆን ደላሎቹ በአጭር ጊዜ ይተዉታል። የራሱን ሳሎንና ማዕድ ቤት ተጋርቶ አንድ ክፍል የሚያከራይ ሰው ከማን ጋር እንደሚኖር ቢመርጥ አልቃወምም። አምስት ሰርቪስ ደርድሮ ወይም ሦስት ኮንዶሚኒየም ይዞ የሚያከራይ ግን ንግድ ላይ ነው። በንግድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ «ለልጅ እናት አልሸጥም» ማለት የለበትም።

ከወሊድ በኋላ የተባረረች ሴት አቤቱታዋን ራሷ ሳትመላለስ የምታስገባበት መንገድ አብጁ። በስልክ ይሁን፣ በባሏ ወይም በእህቷ በኩል ይሁን። ውሳኔ እስኪሰጥ ከቤቷ እንዳትወጣ ይደረግ። ይቻላል። በ2012 ኮሮና ሲገባ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣ፣ ዋጋም እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። መንግሥት ሲፈልግ በሳምንታት ውስጥ እንደሚያደርገው ያኔ አይተናል።

ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም። ቤት ሥሩልኝ እያልኩ አይደለም። ለኮንዶሚኒየም በ2005 ተመዝግበው እስከ ዛሬ የሚቆጥቡ ሰዎች አሉ። በዚያ ዓመት የወለዱት ልጅ አሥራዎቹ ውስጥ ገብቷል፤ ዕድሜውን በሙሉ ከግቢ ግቢ ሲዞር ነው ያደገው። ዕጣው እስኪወጣለት ድረስ ይኼ ልጅ የሚገባበት በር እንዳይዘጋበት ነው ልመናዬ። ትምህርት ቤት በዓመቱ አጋማሽ መቀየር ምን እንደሆነ መምህራን ይነግሯችኋል። ትልቋ ልጄ በየቦታው አዲስ ጓደኛ ማበጀት ሰልችቷት አሁን «ይኼኛው ሰፈር ስንት ጊዜ ነው?» እያለች ነው የምትገባው።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እጠብቃለሁ። ቢሮው ተከራዮችን ሰብስቦ ማነጋገር ከፈለገ እመጣለሁ፤ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ሌሎች እናቶችም አብረውኝ ይመጣሉ። የእኛ ውል የሚያልቀው ነሐሴ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሳይከፈት እንደገና ቤት ልንፈልግ ነው፤ የወረዳ ምዝገባው መመሪያ እንኳ ከዚያ በፊት ቢደርስልን ለእኛና ለብዙ መሰሎቻችን ትልቅ ነገር ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም